ስድስት ቀን የቀደመ ዘፈን

ነሐሴ አሥር ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ አመተ ማርያም ከምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ አንድ ባጃጅ ጭቃውን እያንቦጫረቀ አለፈ። ሹፌሩ ድምፁን እስከ ጥግ ለቆት ነበርና ዘፈኑ ከባጃጁ ቀድሞ ደረሰ። አመተ ማርያም የአንዲት ሴትዮ የልደት ካርድ በእጇ እንደያዘች ድርቅ ብላ ቀረች።

«ተንጎራደድ ዶሮ፣ ዘመኑ ያንተ ነው፣
አሥራ አምስት ቀን ሹመት ለማን የተሰጠው?
አሥራ ስድስት ሲነጋ እንገናኛለን፣
እኔ ሽንኩርት ይዤ፣ አንተ ላባህን።»

ድምፁን ታውቀዋለች፤ የምትወደው የደግሰው ነው። ግጥሙንማ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ የጻፈችው ራሷ ናትና። ያልገባት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይህ ዘፈን እንዲወጣ ቀጠሮ የተያዘለት ጾሙ ሲፈታ፣ አሥራ ስድስት ቀን ጧት፣ ሰው ሁሉ ድስቱን ጥዶ እየሳቀ እንዲሰማው ነው። ፍልሰታ ገና አሥረኛ ቀኑን በያዘበት፣ ሰቆጣ ሕፃን ከአዋቂ ሳይለይ በሚጾምበት በዛሬው ቀን ምን ሊሠራ ወጣ?

ሴትዮዋ «ምን ሁነሽ ነው ልጄ?» አሏት። ምንም አልሆንኩም ብላ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። የደግሰውን ዩቲዩብ ከፈተችና የተጫነበትን ቀን አየች። ኦገስት አሥራ ስድስት ይላል። ኦገስት ነሐሴ ነው፣ አሥራ ስድስትም አሥራ ስድስት ነው ብላ የሞላችው እሷ ናት። የፈረንጆቹ ኦገስት አሥራ ስድስት ደግሞ የእኛ ነሐሴ አሥር ነው። ይህንን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረም። የሰቆጣን ሰው የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ እየመለሰች ቅጽ ስትሞላ የምትውል ልጅ በገዛ ጉዳይዋ ቀን ተሳሳተች። ይህን ለማን ብለው ያወሩታል?

እንዴት እንደሆነ ግን አልጠፋትም። ሐምሌ ሠላሳ ነበር፣ የቅበላ ቀን። ደግሰው በማግስቱ ማለዳ ዝቋላ ወረዳ ወደ እናቱ ሊሄድ ነው፤ ፍልሰታን ከእናቱ ጋር እየጾመ ማሽላቸውን ሊያርምላቸው። እዚያ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ ቪዲዮውን በፍላሽ ሰጥቷት፣ «ቀጠሮ አስይዥልኝ፣ አሥራ ስድስት ጧት በራሱ ይወጣል» ብሏት ሄደ። መብራት ሊጠፋ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ቤት ሊዘጋ ነው፣ አባቷ ለሦስተኛ ጊዜ ደውለው «ሰው ሁሉ ማዕድ ላይ ቀርቦ አንችን ነው የሚጠብቅ» ይላሉ። በአንድ እጇ ስልክ፣ በአንድ እጇ ማውዝ ይዛ ጠቅ አደረገችው። ይኸው ነው ጥፋቱ። ግን የአባቷ ማንነት ጥፋቱን ትንሽ እንዳይሆን አድርጎታል።

አባቷ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ናቸው። ከደብሩ አጠገብ ባለው ቤታቸው ዙሪያ ከየወረዳው የመጡ ተማሪዎችን ቅኔ ሲያስቆጥሩ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ዝም ነው የሚሉ። ዝምታቸውን የሚችል ሰው ደግሞ በቤቱ አልተወለደም። አንድ ልጃቸው አንድ ቀልደኛ ዘፋኝ እንደምትወድ ከሰሙ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ እናቷ ወይዘሮ ታይቱና የእናቷ ወንድም አቶ ምንዋጋው እየተቀባበሉ ሲለማመጧቸው ቆይተው፣ ሰኔ ላይ ነው ከአፋቸው አንድ ቃል የወጣችው። «ፍልሰታ ይለቅና አሥራ ሰባት ቀን ሽማግሌ ይላክ። እሰማለሁ አልኩ እንጂ እሰጣለሁ አላልኩም» አሉ። ለአመተ ማርያም ይህችው ትበቃት ነበር፤ ቀኗን ስትቆጥር ነው ክረምቱን የከረመች።

ደግሰውን ያየችው ከሁለት ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ በአንድ የምረቃ ዝግጅት ላይ ነው። ክራሩን አንግቶ፣ የድስት ክዳን እንደ ባርኔጣ ደፍቶ መድረክ ላይ ወጣና ቀልዱን ጀመረ። አዳራሹ ዝም ብሎ ሲያየው አንዲት ልጅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ግጥሙ ሳይዘጋ ቀድማ ሳቀች። ከመድረክ ወርዶ ፈልጎ አገኛትና፣ ያልተናገረውን ቀልድ ማን እንደነገራት ጠየቃት። ቤቱ በምን እንደሚመታ ከመጀመሪያው ያስታውቅ ነበር አለችው፤ ደግሞ በሌላ ቢመታ ይሻል ነበር ብላ አረመችለት። ያን ቀን ልቧ እንደሄደ ታውቃለች። የእሱ መቼ እንደሄደ ግን ጠይቃው፣ ሁልጊዜ የተለያየ ቀን ነው የሚነግራት።

ከዚያ ወዲህ የዘፈኖቹን ግጥም ሁሉ የምትጽፍለት እሷ ናት። ከሁለቱ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም። የመሪጌታ ወልደ ጻድቅ ልጅ የዘፈን ግጥም ጻፈች ከሚባል መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች።

ዘፈኖቹ ደግሞ ለማንም ሳይታወቁ ነበር የከረሙት። ፍየል መታወቂያውን ስለበላችበት ሰው የተዘፈነውን በሦስት ወር ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ገደማ አየው፤ ስልሳውን ያህል እሷው ደጋግማ የከፈተችው ነው። የሚቀርጸው በተከራያት አንዲት ክፍል ፍራሹን ግድግዳ ላይ አቁሞ ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ክራሩን ታቅፎ ይጠብቃል፤ ዝናቡ ሲያባራ የጎረቤት አህያ ይተካል። መድረኩማ አይነሣ። ሆቴል ውስጥ ሲዘፍን አንዱ ተመጋቢ ስልክ አልሰማ ብሎት ቀስ እንዲል ለመነው። ፃግብጂ ወረዳ አንድ ሰርግ ላይ ጄኔሬተሩ ቀጥ ሲል ያለ ማይክ አንድ ሰዓት ሙሉ ዘፍኖ ድምፁ ለሳምንት ተዘጋ። ሰሃላ ገበያ ላይ የፍየሏን ዘፈን ሲያወርደው ደግሞ አንድም ሰው አልሳቀም። ለካ በዚያው ሳምንት የአንድ ሰውዬን ወረቀት እውነትም ፍየል በልታ ኖሯል፤ ባለ ፍየሉም ባለ ወረቀቱም በእኛ ላይ ነው የዘፈነው ብለው ተቀየሙት። እሱ ይህንን ሲተርክላት በሳቅ ያፈርሳታል። እሷ ግን ስቃ ስትጨርስ ልቧን ያማታል፤ ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሰው በትክክለኛው ቦታ ቢስቅለት ብላ።

ይኸው ሳቁ መጣ። የመጣው ግን በፍልሰታ ነው።

እነሆ አሥር ቀን ረፋዱን ልታጠፋው ስትሞክር ኔትወርኩ ሄደ። አሥራ አንድም አልመጣም። ደጅ ወጥታ ስልኳን ወደ ሰማይ ታነሣለች፣ ትገባለች፣ ትወጣለች፤ ወረቀት ትገለብጣለች፣ ስም ትሳሳታለች። አሥራ ሁለት ቀን ኔትወርኩ ተመልሶ ቪዲዮውን ስታጠፋው ከስልክ ስልክ ተላልኮ ያልደረሰበት አልነበረም። በቴሌግራም ሌሎች ሰዎች በየስማቸው መልሰው ጭነውት በሺህ የሚቆጠር ሰው አይቶታል። ከስሩ ያለው ስድብ ግን የደረሰው ለደግሰው ብቻ ነው። በቪዲዮው መጨረሻ ላይ ደግሰው የዶሮ እግር ሲግጥ ይታያላ። የተቀረጸው ሐምሌ ላይ ነው፣ ጾም ሳይገባ፤ ያየው ሰው ግን ይህን ከየት ያውቃል? በፍልሰታ ዶሮ በላ ተባለና አለቀ።

መሪጌታ ከሁሉም በኋላ፣ በዚያው በአሥራ ሁለት ቀን ነው የሰሙት፤ ስልክ ይዘው ቤተ ክርስቲያን አይገቡምና። ፍልሰታ የሕፃናት ጾም ነው። ከቅዳሴ በፊት ልጆቹ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ሊቆርቡ ከእናቶቻቸው ጋር በቅጥሩ ውስጥ ተሰልፈዋል። መሪጌታ በአጠገባቸው ሲያልፉ አንዲት ቁመቷ ከጉልበት የማይበልጥ ልጅ፣ «እኔ ሽንኩርት ይዤ» ብላ ስታንጎራጉር፣ የኋላዎቹ ተቀብለው «አንተ ላባህን» አሉ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። መሪጌታ የማን ዘፈን እንደሆነ ጠየቁ፤ ነገሯቸው። ነጋሪው በክፋት ይሁን በየዋህነት፣ «የእርስዎ አማች ይሆናል ነው የሚሉት» የሚል ጨመረበት።

ያን ቀን ከሰዓት ቤት ሲገቡ መሶቡ ቀርቦ ነበር፤ አልቆረሱም። ምንዋጋው እንዲነገረው፣ አሥራ ሰባት ቀን ማንም ወደዚህ ደጅ ዝር እንዳይል ለሚስታቸው አዘዙ። ወይዘሮ ታይቱ ልጁ ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል ብለው ጀመሩ፤ መሪጌታ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ተነሡ። አመተ ማርያም መቃኑን ተደግፋ ቆማለች። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ልትል ከንፈሯ ተላቀቀ። አባቷ በአጠገቧ ሲያልፉ ቀና ብለው አዩዋት፤ በዚያ ዕይታ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ አንች እንኳን ተረፍሽልኝ የሚል ነገር ነበረበት። ከንፈሯን መልሳ ገጠመችው። ራሷን እንደዚያን ቀን ንቃ አታውቅም።

ደግሰው የመጣው አሥራ ሦስት ቀን ነው። የእናቱ ማሽላ ታርሞ ሲያልቅ ከዝቋላ በእግሩ ወጥቶ ኔትወርክ ካለበት ሲደርስ ስልኩ አንድ ጊዜ መጮህ ጀምሮ አላባራ አለው። መጀመሪያ ሰው የሞተ መስሎት ነበር። ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ አነበበና ምን እንደተፈጠረ ገባው። ማን ቀኑን እንደሞላም ገባው።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያን ቀን ተጨናንቋል፤ የማመልከቻ ሰሞን ነበር። አመተ ማርያም ቀና ስትል ከሰልፉ መጨረሻ ላይ አየችው። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው፣ ጾሙም መንገዱም አክስተውታል። ሰልፈኞቹ ዞር እያሉ አዩት፤ አንዱ ሳቀ፣ አንዲት እናት ደግሞ አማተቡ። ደግሰው ለሁለቱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። እንደማንኛውም ሰው ተራውን ጠበቀና አንድ የታጠፈ ወረቀት ከፊቷ አኖረ።

«አንድ ኮፒ» አላት።

ማሽኑ ላይ ልታስቀምጠው ስትዘረጋው ደብዳቤ ነው። ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ አነበበችው።

«አመቴ፣ ዶሮውስ ተርፎ ነበር፣ የታረድኩት እኔ ነኝ። ሌላ ቀልድ አልመጣልኝም። ስሚኝ። ቀኑን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ግጥሙም የኔ ነው። ማንም ቢጠይቅሽ አታውቂም። እኔን አባትሽ ቢጠሉኝ ከሩቅ ነው። አንች ላይ ቢያዝኑ ግን በየቀኑ እዚያው ቤት ውስጥ ነው የምታይው። ወረቀቷን ቅደጃት።»

ሰው ሲጨነቅ ክፉ ሐሳብ ቶሎ ይቀርበዋል። ከደብዳቤው ሁሉ ዓይኗ «ግጥሙም የኔ ነው» የምትለው ላይ ተተከለ። ሁለት ዓመት ማንም ሳይሰማው የጻፈችው ግጥም አገር ምድሩ አፍ ላይ የገባው ዛሬ ነው፤ እሱ ደግሞ ዛሬውኑ የኔ ነው ይላል። እስክሪብቶዋን አንሥታ ከጀርባው ጻፈች። «ሲታወቅ ጊዜ ግጥሙንም ወሰድኸው?» አጥፋ መለሰችለት።

ደግሰው እዚያው ቆሞ ገልጦ አነበበው። ለመመለስ ከንፈሩ ሊንቀሳቀስ ሲል ከኋላው የነበረው ሰው ተራውን ጠየቀ። ቀና ብሎ አያት። በዚያ ሁሉ መድረክ ላይ የተናቀ፣ ከዝቋላ መልስ ያን ሁሉ ስድብ የተቀበለ ፊት ሳቁን ሳይጥል ኖሮ ነበር፤ አሁን ግን ፊቱ ባዶ ሆነ። ወረቀቱን አራት አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ጀርባውን ስታይ ነው የገባት። እሱ የወሰደው ስሟን አልነበረም፣ ጥፋቷን ነበር። ልትጠራው አሰበች፤ ሰልፉ ሁሉ እያያት ነበርና የቀጣዩን ሰው ወረቀት ተቀበለች።

አሥራ አራት ቀን መዋያ አጣች። ሥራ ቦታ ስትቆም ቤት መሄድ ያምራታል፤ ቤት ስትገባ ግድግዳው ይጠባታል። ወሬው ደግሞ እየተከተለ ይደርሳታል። የልጃገረዶች በዓል ሻደይ አሥራ ስድስት ይጀምራል፤ የከተማው ልጃገረዶች የሻደይ ቅጠላቸውን እያዘጋጁ ነው። አዘጋጆቹ ደግሰውን በትልቁ መድረክ እንዲዘፍን ጠርተውታል ተባለ። ሦስት ዓመት ሲለምናቸው ኖሮ አንድ ጊዜ እንኳ መልስ ያልሰጡት ሰዎች ናቸው። እሱ ግን መሪጌታ ይቅር ሳይሉኝ መድረክ አልወጣም፣ ለመሪጌታ ስል ዘፈኗንም ዳግመኛ አልዘፍናትም ማለቱን አጎቷ አቶ ምንዋጋው ለእናቷ ሲነግሩ ሰማች። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ ሽማግሌ ሆነው የሚያመጡትም እሳቸው ናቸው። ወይዘሮ ታይቱ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። አመተ ማርያም ደግሞ ጓዳ ገብታ የውሃ ጀሪካን ላይ ተቀመጠች፤ ለምን እንደገባች ግን አታውቅም።

አሥራ አምስት ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ሳይዘንብ ቆሟል። መሪጌታ ደጃፋቸው ካለው መደብ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። አጥሩ ተገፋና አቶ ምንዋጋው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። ደግሰው ከኋላቸው ነው። ጫማውን አጥሩ ጋ አውልቋል። አንገቱ ላይ አንድ ጥቁር የወንዝ ድንጋይ በሁለት እጁ ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ መጣና መሪጌታ እግር አጠገብ ተንበረከከ። እንግዲህ የተበደለ ሰው ይቅር ብሎ በእጁ እስኪያነሣለት ድረስ ድንጋዩ አይወርድም፤ ሥርዓቱ ይህ ነው። አመተ ማርያም ከበሩ ወዲህ፣ ከእናቷ ጎን ቆማ ጣቷን ትነክሳለች።

ሽማግሌዎቹ የሚባለውን አሉ። ልጅ ያጠፋል፣ ትልቅ ሰው ይምራል፣ ነገ የእመቤታችን በዓል ነው አሉ። መሪጌታ እስኪጨርሱ ሰሙና ወደ ደግሰው ዞሩ።

«ጾም ሳለ በልተሃል?»

«አልበላሁም አባቴ። ሐምሌ ላይ የተቀረጸ ነው።»

«እንዲህ በጾሙ መካከል ያወጣኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ግጥሙንስ ማን ጻፈው?»

ደግሰው ድንጋዩን አስተካከለ። «እኔው ነኝ» አለ።

አመተ ማርያም ወደ መቃኑ ተጠጋች። በዕርቅ ፊት፣ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ፣ በፍልሰታ የመጨረሻ ቀን ለካህን ይዋሻል፤ ያውም ስለ እሷ። መሪጌታ በቀስታ፣ እንደ ትምህርት፣ የሚሉትን አሉ። ለእግዚአብሔር ብለው ይቅር ይሉታል። ከዛሬ በኋላ ግን ልጃቸውን አያስብም፤ ለዚህ ጉዳይ ይህን ደጅ ዳግመኛ አያንኳኳም። ይህን ከተስማማ ድንጋዩን ያነሡለታል።

ከደግሰው አንገት ላይ አንድ የላብ ጠብታ መሬት ላይ ወደቀ።

«እሺ አባቴ» አለ።

በሕይወቷ ብዙ ቃል ሰምታለች፤ እንደዚህች እሺ ያለ ነገር ግን ገብቶባት አያውቅም። እናቷ ክንዷን ሲይዟት አስለቅቃ ወጣች። መሪጌታ ቀና ብለው፣ «አንች ግቢ» አሏት።

«አልገባም አባ።»

አባቷን እምቢ ስትል የመጀመሪያዋ ነው። ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘችው። ደግሰው በሹክሹክታ፣ «ተይ አመቴ፣ አለቀ እኮ» አላት። ጎትታ ወሰደችበት። ከብዷት ልትወድቅ ነበር። ይህንን ተሸክሞ ነው የቆየ አለች በልቧ። ከጎኑ ተንበርክካ ድንጋዩን ከገዛ አንገቷ ላይ አደረገችው።

«ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀኑንም ተሳስቼ የሞላሁት እኔ ነኝ። ይህ ሰው ፍልሰታን ዝቋላ ከእናቱ ጋር ሲጾም ነው የከረመ፤ ስልኩን እንኳ አልከፈተም። እኔ ግን አውቄ ዝም አልኩ። እርስዎ እህል ሳይቀምሱ ሲነሡ እያየሁ ዝም አልኩ አባ። የፈራሁ እርስዎን ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና መልሶ ተወው።

«ግጥሙ ያንች ነው» አሉ መሪጌታ። ጥያቄም አይመስልም።

«የኔ ነው።»

«ሌሎቹስ?»

«ሁሉም። ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«ከማን ተማርሽው?»

«ከእርስዎ። ለተማሪዎቹ ሲነግሯቸው ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ።»

መሪጌታ እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡና መልሰው ከተቱት። ወንድ ልጅ የላቸውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሲያስተምሩ፣ ከቤታቸው አንድ ሰው እንኳ አልቀመሰውም እያሉ በልባቸው የሚያዝኑ ሰው ነበሩ፤ ይህንን ለሚስታቸውም ነግረው አያውቁ። አሁን ልጃቸውን ቁልቁል አዩዋት።

«ተምረሽ ተምረሽ ለዶሮ አዋልሽው» አሉ።

አመተ ማርያም አለቀሰች። ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም፤ ዛሬ ግን ድንጋዩን የያዙት እጆቿ እንባዋን ሊጠርጉላት አልቻሉም። መሪጌታ ከመደቡ ተነሡ። ሁለት እጃቸውን ሰድደው ድንጋዩን ከአንገቷ አነሡትና መሬት ላይ አኖሩት። ይቅር ለእግዚአብሔር አሏት፤ ዝም ያለችበትን ግን ለንስሐ አባቷ እንድትናገር፣ ያ የሳቸው እንዳልሆነ ነገሯት። ከዚያ ደግሰውን አዩት። እሱ አሁንም እንደተንበረከከ ነው።

«አንተ ድንጋይ ተሸክመህ ዋሸኸኝ።»

«አዎ አባቴ።»

«ቀኑን ጠየቅሁህ ዋሸህ። ግጥሙን ጠየቅሁህ ዋሸህ። ልጄን አታስብም ስልህ ደግሞ እሺ አልክ። እሱንም ዋሽተህ ነው?»

ደግሰው ቀና አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሲያነብ የኖረ ቀልደኛ፣ የመሪጌታን ፊት ግን ሊያነበው አልቻለም። ስለዚህ እውነቱን ተናገረ።

«እሱንም አባቴ» አለ።

አቶ ምንዋጋው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። መሪጌታ ግን አልሳቁም። ዕርቁ እንደፈረሰ፣ በውሸት የተሠራ ይቅርታ እንደማይቆም ነገሩት። ነገ ጾሙ ሲፈታ መድረክ ላይ ቢወጣም እንደማይከለክሉት፣ ነገር ግን ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ቀኑንም ማን እንደተሳሳተ ሰው ፊት ሳይናገር እንዳይዘፍን አዘዙ። በሳቸው ቤት ከውሸት ጀርባ ተሸሽጎ የሚኖር ልጅ የለም አሉ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱና ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። ሲናገሩ አልዞሩም።

«አሥራ ሰባት ቀን ተብሎ ነበር፤ አሥራ ሰባት ቀን ና። እሺ እላለሁ አላልኩም፣ ና ነው ያልኩ። ሽማግሌዎቹን ያዝ፤ ድንጋዩን ግን ተወው፣ እኔም ሸምግያለሁ፣ ማንሣቱ ያደክመኛል።»

ገቡ። ወይዘሮ ታይቱ በሩ ላይ ቆመው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘዋል፤ ያልቅሱ ይሳቁ አልለየላቸውም። አመተ ማርያምና ደግሰው ጎን ለጎን እንደተንበረከኩ ቀሩ። ደግሰው ከኪሱ አራት የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ በእጇ አኖረላትና ተነሣ። ገለጠችው። «ሲታወቅ ጊዜ ግጥሙንም ወሰድኸው?» ከሚለው የእሷ ጽሕፈት ሥር በእሱ እጅ አንድ መስመር ተጨምሯል። «ግጥሙን አልፈልገውም፤ የጻፈችዋን ነው።»

አቶ ምንዋጋው ደግሰውን ይዘውት ሲወጡ ዝናቡ መጣ። አመተ ማርያም ግን አልገባችም። ነገ በሰቆጣ ሕዝብ ፊት ስሟ ይጠራል፣ ከነገ ወዲያ አባቷ ምን እንደሚመልሱ አይታወቅም። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ እንዲህ ተወድዳም አታውቅም።